የሞተ ባል የተዋጋባቸው አራት ዓመታት

ካድሬው ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉትን ሴት «አንቺ» ብሎ ሲያናግር እኔ ከጎኑ ታይፕ ፊት ተቀምጬ ነበር። እሱ ከእኔ ቢበልጥ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ነው። እናቴ ብትሰማው ኖሮ ጫማዋን አውልቃ የምትወረውርበት ይመስለኛል። እኔ ግን ዝም አልኩ። በዚያ ዘመን ዝም ማለት የሥራዬ ግማሽ ነበር።

ያደግኩት ጅማ፣ ጊንጆ ነው። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ የመጣ ሰው ነበር። ቤታችን ውስጥ አማርኛ ቢነገርም ደጃችን ኦሮምኛ ስለነበር፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስዘል ማን እንዳስተማረኝ ሳላውቅ ቋንቋውን አወቅኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ታይፕ ተማርኩና ከጅማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል በምታስኬድ የቡና ከተማ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ የሰዎቹ ልጆች ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ግድግዳው ሁሉ መፈክር ነው። ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ስለመጣ ኦሮምኛ አያውቅም። ስለዚህ እኔ ታይፒስትም አስተርጓሚም ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን መሣሪያ ያለው ሁሉ አምጥቶ ያስመዝግብ ተባለ። «የአርበኛ መሣሪያ ተመዝግቦ ለባለቤቱ ይመለሳል» እየተባለ በድምፅ ማጉያ ገበያ ለገበያ ተለፈፈ። ሴትዮዋ የመጡት ይህን ሰምተው ነው። ከመንደራቸው ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው፣ ምንሽራቸውን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው ገቡ። እኔ አዮ እላቸው ነበር፤ በእኛ አገር ኦሮምኛ እናትንም በዕድሜ የገፋች ሴትንም የምንጠራበት ነው። ፎጣውን ሲፈቱት ጠመንጃው አርጅቷል እንጂ ዝገት የሚባል አልነካውም። ሰደፉ በቅቤ ታሽቶ ያብረቀርቃል።

«የማን ነው?» አለ ካድሬው።

«የእኔ ነው» አሉ አዮ። ተረጎምኩ።

«ባልሽስ?»

«ሞቷል።»

«እንግዲያው የባልሽ ነው።» ወደ እኔ ዞረና «ውርስ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

ጣቴ ታይፑን ከመንካቱ በፊት አዮ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ምን ብሎሽ ነው የምትጽፊው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። የቀሚሳቸውን አንገት ወደ ጎን ሳብ አደረጉት። ከአንገታቸው አጥንት በታች፣ ከትከሻቸው ጥግ፣ የተጨማደደ የጥይት ጠባሳ አለ።

«ጠመንጃው ውርስ ከሆነ ይሄንንስ ከማን ወረስኩት? ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኩላቸው። ካድሬው ሳቀ። ከመሳቢያው አንድ የተጣጠፈ መዝገብ አወጣና ጣቱን መስመሩ ላይ እየጎተተ አነበበ። መዝገቡ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በንጉሡ ጊዜ የተጻፈ ነው። የአዮ ባል ስም አለ። አምስቱንም የጠላት ዓመታት በዱር በገደል ተዋግቷል ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ሚስቱ፣ ስንቅ አቀባይ» የሚል አለ። ስም እንኳ የለውም፤ ሚስቱ ብቻ።

«ባሌ የሞተው ጣሊያን በገባ በመጀመሪያው ክረምት ነው» አሉ አዮ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ወንዝ ስንሻገር ተመታ። የቀበርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አራት ዓመት ማን ተዋጋው? ሬሳው ነው?»

«ወረቀት አይዋሽም» አለ ካድሬው።

በክፍሉ ውስጥ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። የአርበኞች ምስክር ተብለው ለኮሚቴው የተመረጡ ሽማግሌ፣ ሜዳልያቸውን ኮታቸው ላይ ሰክተው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። በጦርነቱ ጊዜ ከአዮ ጋር በአንድ ጫካ የኖሩ ሰው ናቸው። አዮ ዞር ብለው አዩዋቸው። ሽማግሌው ወለሉን አዩ። የከዘራቸውን ጫፍ ከጣውላው ስንጥቅ ውስጥ አስገብተው ሲያዞሩት ትዝ ይለኛል።

እኔም የታዘዝኩትን ጻፍኩ። አዮ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ጠመንጃው ተቆጥሮ መጋዘን ገባ፤ አልተመለሰም። ለባለቤቱ ይመለሳል የተባለው ለእሳቸው አይሠራም፤ ባለቤቱ ሞቷላ!

ከዚያ ወዲያ ለአንድ ዓመት ያህል አላየኋቸውም። እንደገና ያገናኘን የሴቶች ቀን በዓል ነው። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ከተማዋ ታጥባ ተቀባች፤ የሱቅ በሮች ሳይቀሩ ቀይ ሆኑ። በስብሰባው ላይ አንዱ የኮሚቴ አባል ተነሥቶ «ታጋይ ሴት ያስፈልገናል፤ አንድ አሮጊት አርበኛ አትገኝም?» አለ። ካድሬው ወዲያው «አለች እንጂ!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ያቺን ሴትዮ አምጪልን።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። «በመዝገቡ ላይ እኮ ስንቅ አቀባይ ናቸው፣ ጓድ» አልኩት።

«መዝገብ ሌላ፣ በዓል ሌላ» አለኝ። «ከመጣች ጠመንጃዋን እንመልሳለን በያት።»

በማግስቱ በእግሬ ሄድኩ። የቡና ለቀማ ወቅት ካለፈ ቆይቷል፤ በየደጁ ግን አሁንም የደረቀ ቡና ይፈለፈላል። አዮ ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብለው ከምራታቸው ጋር ገለባ ይለያሉ። ቦታ ለቀቁልኝና በቅቤ የታሸ የተጠበሰ ቡና በትንሽ ቅል አቀረቡልኝ። «ጫካ ውስጥ ይሄን ነበር የምንበላው» አሉኝ። «አንድ እፍኝ ከያዝሽ ቀኑን ሙሉ ትሄጃለሽ።» ከዚያ ሳልጠይቃቸው ያወሩልኝ ጀመር። ምናልባት የሚጠይቃቸው ሰው ስለሌለ ይሆናል።

ባላቸው ወንዙ ውስጥ ሲወድቅ እሳቸው ከኋላ ስንቅ ተሸክመው ነበር። ስንቁን ጥለው ውኃ ውስጥ ገቡ። «ልዋጋ ብዬ አይደለም፤ ወላሂ» አሉኝ። «ጠመንጃው እንዳይወሰድብን ነው። ዕቃችን ነበረ።» ከማዶ አንድ ባንዳ ሮጦ መጥቶ አፈሙዙን ያዘና ሊቀማቸው ጎተተ። እሳቸውም ጎተቱ፤ ጣታቸው ቃታው ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ተኩሰው አያውቁም። ሰደፉ የመታቸው ትከሻ ሳምንት ሙሉ አበጠ፤ ባንዳው ግን እዚያው ቀረ።

የባላቸው ጓደኞች ከቀብሩ በኋላ ተሰብስበው ጠመንጃውን ለወንድ ስጪ አሏቸው።

«እሺ፣ የሚቀበለኝ ይምጣ አልኳቸው። ማንም አልመጣም» አሉና ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነበር፤ ሳቃቸው ግን ሙሉ።

የቡና ጫካውን ከልጅነታቸው ጀምሮ እየለቀሙ አሳምረው ያውቁታል። የትኛው መንገድ የት እንደሚያወጣ፣ የቱ ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ ከወንዶቹ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። እየዋለ እያደረ ሰዎቹ የሚከተሉት እሳቸውን ሆነ። ሌሎች ሦስት ሴቶችም ነበሩ። አንዷ በትኩሳት ሞተች፤ አንዷ ከነፃነት በኋላ አግብታ ወደ ሌላ አገር ሄደች። ሦስተኛዋን ጥይት ለመግዛት ቡና ይዛ ገበያ ስትወጣ ያዟት። ሦስት ቀን ደበደቧት፤ እነማን የት እንዳሉ አልተናገረችም። በአራተኛው ቀን ገደሏት።

«የእሷ ስም የት ተጻፈ?» አሉኝ አዮ። «ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። የሷን ስም የጻፈ ማን ነው?»

የባላቸው ስም እንዴት እንደተጻፈም ነገሩኝ። ነፃነት ሲመለስ ከጅማ ጸሐፊ መጣ፤ አርበኞች ተሰለፉ። እሳቸውም ተሰለፉ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አይቶ «ባልሽን ጥሪው» አላቸው። የሟቾችም ስም የሚጻፍ መስሏቸው የባላቸውን ስም ነገሩት። «ይህ ቤት እስከ መቼ ተዋጋ?» ሲል ሰዎቹ «እስከ መጨረሻው» አሉ። አለቀ። በአንድ መስመር ሙቱን አስነሥተው ዘማች አደረጉት፤ በሕይወት ያሉትን ግን ቀበሯቸው።

መልእክቴን ስነግራቸው የያዙትን ገለባ መሬት ላይ አደረጉ።

«ጠመንጃዬን ይመልሱልኛል?»

«ይመልሳሉ፣ አዮ።»

«አንቺ ነሽ የምትዪኝ ወይስ እሱ?»

«እሱ ነው ያለው» አልኩ። እውነት ነው፤ እሱ ነው ያለው። እኔ ግን እንደማይመልስ ልቤ ያውቅ ነበር። ይህን ሳልነግራቸው ያቀረቡልኝን ቡና በልቼ ተመለስኩ።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ተማሪው፣ ገበሬው፣ ከየመንደሩ በግድም በውድም የመጣው ሴት ሁሉ ተሰልፏል። አዮ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው በጠዋት ደረሱ። ካድሬው ካኪ ካፖርት አልብሷቸው አለ፤ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቻቸውን ዋጠው። ከዚያ አንድ የኮሚቴ ሰው ጠመንጃቸውን ይዞ መጣ።

እንጨት ነበር። የከተማው አናጢ የጠረበው እንጨት፤ ቀለም ስላልነበረ በጥቁር የጫማ ቀለም የተወለወለ። አዮ ሲቀበሉት ቀለሙ መዳፋቸውን አጠቆረው። መዳፋቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ያን አስተያየታቸውን ልገልጸው አልሞክርም። መጋዘኑ እኮ ከሜዳው ማዶ ነው፤ ከቆምንበት በሩ ይታያል። ጠመንጃቸው እዚያ ውስጥ ተደግፎ ቆሟል፤ ሠላሳ ስምንት ሽጉጥ በቀበቶው የታጠቀው ካድሬ ግን ለእሳቸው መጫወቻ አስጠርቦላቸዋል።

ተራቸው ሲደርስ መድረክ ላይ ወጡ። ለእሳቸው የጻፍኩት ንግግር ነበር፤ አራት መስመር፣ በአማርኛ፣ እኔ ደግሜ የማነበው። እሳቸው ግን ድምፅ ማጉያውን በእጃቸው ወደ ታች ሳቡና በኦሮምኛ ጀመሩ።

«ይሄ እንጨት ነው» አሉ። «የእኔ ብረት ነው። ብረቴ ከዚያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ከዚህ ሰውዬ ኪስ ነው። ባሌ የሞተው በመጀመሪያው ክረምት ነው። አላህ ይማረው፤ ጀግና ነበር፤ ግን ሞቷል። ከዚያ በኋላ የተኮስኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ጋር ሴቶች ነበሩ።» የሦስቱንም ስም ከነአባታቸው ጠሩ። «እኛን ስንቅ አቀባይ ያላችሁ ውሸታሞች ናችሁ። ጻፉ። አሁን ጻፉ!»

የእንጨቱን ጠመንጃ እንግዶቹ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ አጋደሙት።

ሜዳው ኦሮምኛ ያውቃል። በአንድ ጊዜ ከሴቶቹ በኩል እልልታው ፈነዳ፤ አንዷ ስታቆም ሌላዋ እየተቀበለች አላባራ አለ። ኦሮምኛ የማያውቀው መድረኩ ላይ ያለው ብቻ ነበር። እንግዶቹ ፈገግ ብለው አጨበጨቡ። ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ምን አሉ?» አለኝ።

ካድሬው ከኋላዬ ክንዴን ያዘ። ጣቶቹ እስኪያሙኝ ጨበጠኝና በጆሮዬ «አብዮቱ ነፃ አወጣኝ ትላለች በይ» አለ።

አልኩ። በድምፅ ማጉያ፣ በሜዳው ሁሉ ፊት «አብዮቱ ነፃ አወጣኝ ይላሉ» አልኩ። እልልታው ቀጥ አለ። እነዚያ ሴቶች አማርኛም ያውቃሉ። አዮ ግን ወደ እኔ ዞረው አላዩም። ካፖርቱን አውልቀው መድረኩ ላይ ጣሉትና በደረጃው ወርደው ሄዱ።

ስለዚያ ቀን ሳስብ ካድሬውን እረግማለሁ፤ መርገሜን ግን ከራሴ እጀምራለሁ። ፈርቼ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ከቤቱ ተጠርቶ ወጥቶ የማይመለስበት ጊዜ ስለነበር መፍራቴ አያስገርምም። ቢሆንም እሳቸው ከእኔ ይበልጥ የሚፈሩበት ምክንያት ነበራቸው፤ ተናገሩ። እኔ ያገኘሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሱንም ሸጥኩት።

ከሳምንት በኋላ፣ ካድሬው ለስብሰባ ጅማ በሄደበት ቀን፣ ሽማግሌው ብቻቸውን ወደ ቢሮዬ መጡ። ሜዳልያቸው ኮታቸው ላይ የለም። በሩን ራሳቸው ዘጉና ፊቴ ተቀመጡ።

«ጻፊ» አሉኝ።

«ምን ልጻፍ አባቴ?»

«እኔ በጦርነቱ ጊዜ በቅሎ ነጂ ነበርኩ። ስንቅ አቀባይ ማለት እኔ ነኝ። የተኮሰችው እሷ ናት። ትከሻዋን ስትመታ በቅሎዬ ላይ ጭኜ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ስንመለስ ጸሐፊው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ ተዋጊ አልኩ፤ እሷን ሲያልፋት ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከሴት ሥር ነበርኩ ማለት አፈርኩ። አሁን ምን ያሳፍረኛል? በዚያ ሜዳ ከሰማኋት ወዲህ እህል አልበላልኝ ብሏል።»

ታይፑ ላይ አዲስ ወረቀት አስገብቼ ጻፍኩ። የአዮን ቃልም ሜዳ ላይ እንደሰማሁት፣ ከሦስቱ ሴቶች ስም ጋር፣ ከሥሩ ጨመርኩ። ሽማግሌው ፈረሙ። እኔም አስተርጓሚ ብዬ ስሜን ጻፍኩና በበዓሉ ቀን የተረጎምኩት ሐሰት መሆኑን በአንድ መስመር ገለጽኩ። ያቺን መስመር ስጽፍ ከሁሉ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። ቅዳሜ በአውቶቡስ ጅማ ወርጄ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል ለተባሉት የበላይ ኃላፊ በእጄ ሰጠሁ። ኃላፊው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ደግ ሰው ይመስሉ ነበር።

«ልጄ፣ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል» አሉኝ። «ግን ቅጹን ተመልከቺው።» አንድ ቅጽ አውጥተው አሳዩኝ። የአርበኛው ስም፣ የአርበኛው ሚስት ስም፣ የአርበኛው ልጆች። «የት ላይ ልጻፋቸው?»

«የአርበኛው ስም በሚለው ላይ ይጻፉዋቸው!» አልኩ። ድምፄ ኮሪደር ድረስ ተሰማ፤ በሩን ከፍቶ ያየን ሰው ነበር።

«እንግዲያው ሚስት በሚለው ላይ ማንን ልጽፍ ነው?» አሉ፤ እያላገጡ አይደለም፤ ከልባቸው ነው ግራ የገባቸው። እስከ ዛሬ ክንዴን ከጨበጠው ካድሬ ይልቅ የእኚህ ደግ ሰው ጥያቄ ነው ደሜን የሚያፈላው። ካድሬውስ እንደሚዋሽ ያውቃል። እሳቸው ግን አገር ያቀናች ሴት የምትገባበት መስመር ስላጡ ብቻ ሴትዮዋን ሊያጠፏት ዝግጁ ነበሩ።

በወሩ ወደ ሰኮሩ ተዛወርኩ። ምክንያቱ «ለሥራው አመቺነት» ይላል። ሽማግሌውን ከኮሚቴው አስወጧቸው፤ ዕድሜ ተጫጭኗቸው ይዘባርቃሉ ተባለ። ከመሄዴ በፊት አዮ ዘንድ ሄጄ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሐሰቱንም፣ ደብዳቤውንም፣ መልሱንም። ይቅር ይበሉኝ ስል አለቀስኩ።

«ተይ፣ ለቅሶሽን ተይ» አሉኝ ተቆጥተው። «እኔን አጽናኚኝ ብለሽ ነው የመጣሽው? ያን ቀን አስቀይመሽኛል። ብታለቅሺም አስቀይመሽኛል።» ፊቴን ጠረግኩ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ «በቅሎ ነጂው ከልቡ ፈረመ?» አሉኝ።

«ከልባቸው ፈርመዋል።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ። «እሱ መልካም ሰው ነበር። ትንሽ ቆየ እንጂ።»

ሰኮሩ ሁለት ዓመት ሠራሁ። በመንገዱ ዳር ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፉት አውቶቡሶች ለምሳ ይቆማሉ፤ እኔም ከቢሮ ስወጣ ከጅማ ወዲያ የሚመጣ የማውቀው ሰው እፈልግ ነበር። አንድ ቀን ከአዮ መንደር የመጣች፣ በዓይን የማውቃት ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ እጇን ስትታጠብ አገኘኋት። ስለ አገሩ ሁሉ ጠየቅኳት።

«የዚያ የአርበኛው ሚስት ሞተች እኮ» አለችኝ። «ሦስት ወር ሆናት። አሮጊቷ።»

«የአርበኛው ሚስት አይደሉም» አልኳት። «አርበኛዋ ራሳቸው ናቸው።»

ውኃው ከእጇ እየተንጠባጠበ አየችኝ። የወንዙን፣ የባንዳውን፣ የጠባሳውን፣ በሴቶች ቀን ሜዳ ላይ የተናገሩትን፣ ገበያ ላይ ተይዛ ያልተናገረችውን ሴት፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ የምችለውን ያህል በጥድፊያ ነገርኳት።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለች በመጨረሻ። «እኔ እኮ አጥር የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ። የበዓሉ ቀን ሜዳ አልወጣሁም፤ ሃያ ዓመት ሙሉም ማንም አልነገረኝም።»

አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። እኔም ምሳዬን ሳልበላ ወደ ቢሮ ተመለስኩ፤ ከንዴት የተነሣ ያን ከሰዓት አንድ መስመር እንኳ በትክክል መተየብ አልቻልኩም።